የዱባ ዕድገትና የክብደት ትንበያ፦ መቼ ለመናገር እንደፍራለን?



አበው «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላሉ። ይህን ተረት የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰው ጠባይ ስንነጋገር ነው። እኔ ዛሬ ቃል በቃል ልወስደውና ስለ አበቃቀል፣ ይኸውም ስለ ዕድገት ፍጥነት ልናገር እወዳለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ አንድ የዱባ ፍሬ ገና ከሐረጉ ሳይቆረጥ ዕድገቱን እየተከታተልን የመጨረሻ ክብደቱን አስቀድመን ማወቅ እንችላለን ወይ? መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። እንችላለን፤ የምንችለው ግን ዕድገቱ መቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚነገር ቁጥር ግምት እንጂ ትንበያ አይባልም።

ጉዳዩ በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው በግዙፍ ዱባዎች ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በካሊፎርኒያ ሃፍ ሙን ቤይ ከተማ በተደረገው ውድድር ትራቪስ ጊንገር የተባሉ የሚኒሶታ አብቃይ ያቀረቡት ዱባ 1,247 ኪሎ ግራም ያህል መዝኖ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። አሥራ ሁለት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ፍሬ ዕድገቱ በሚፋፋምበት ሰሞን በቀን ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ሊጨምር ይችላል። በየቀኑ አንሥቶ ሚዛን ላይ ማውጣት ስለማይቻል አብቃዮች ሦስት ልኬቶችን ይወስዳሉ። አንደኛው የፍሬው ዙሪያ ነው፤ ሁለተኛው ከመሬት ተነሥቶ በጀርባው ላይ በማለፍ በሌላው ጎን እስከ መሬት ያለው ርዝመት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከእንብርቱ ወገን እስከ አበባው ወገን፣ እንዲሁ በጀርባው ላይ ያለው ነው። ሦስቱን ደምረው፣ ቀደም ሲል ከተመዘኑ ዱባዎች በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ላይ ተመጣጣኙን ክብደት ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ይመጣል። ክብደት የሚያድገው በርዝመት ሦስተኛ ርቢ ገደማ ነው። ስለዚህ በሜትሩ ላይ አምስት በመቶ የተሳሳተ ሰው በክብደቱ ላይ ወደ 16 በመቶ ይሳሳታል፤ አሥር በመቶ የተሳሳተ 33 በመቶ ይሳሳታል። በዚህ ላይ ዱባ ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ዙሪያቸው እኩል የሆኑ ሁለት ፍሬዎች እንደ ሥጋቸው ውፍረት የተለያየ ይመዝናሉ።

ሁለተኛውና ዋነኛው ችግር ከዕድገት መስመሩ ቅርጽ ይመነጫል። የፍሬ ዕድገት ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ይፋጠናል፤ ከዚያ ይቀዘቅዝና ይቆማል። ይህን ቅርጽ በሒሳብ ለመግለጽ በብዛት የምንጠቀምባቸው ሁለት ቀመሮች መጀመሪያ ስለ ዱባ የተጻፉ አልነበሩም። ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ እ.ኤ.አ. በ1825 ስለ ሰው ልጅ ሞት፣ ፒየር ፍራንሷ ፈርሁልስት በ1838 ስለ ሕዝብ ብዛት ያቀረቧቸው ናቸው። የፈርሁልስት ቀመር ሎጂስቲክ ይባላል።

አንድ ምሳሌ እናስላ። በሎጂስቲክ ቀመር የሚያድጉ ሁለት ፍሬዎች አሉ እንበል፤ አንደኛው በመጨረሻ 10፣ ሌላው 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነው። የመነሻ ፍጥነታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በሁለት ቀን ከሩብ ገደማ እጥፍ ይሆናሉ። በአሥረኛው ቀን የመጀመሪያው 474 ግራም፣ ሁለተኛው 486 ግራም ይመዝናል። ልዩነቱ 12 ግራም ብቻ ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን 1.82 እና 2.01 ኪሎ ግራም ይደርሳሉ። ዙሪያቸው ግማሽ ሜትር ገደማ በሚሆንበት በዚህ ጊዜ፣ በዙሪያ ያላቸው ልዩነት ሦስት በመቶ፣ ማለትም አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ሜትሩ ትንሽ ከተንጋደደ ይህ ልዩነት ይጠፋል። የወደፊቱ እጥፍ ልዩነት ግን ከአሁኑ በውስጡ አለ።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኤድመንድ ሲኖት የተባለው አሜሪካዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የዱባና የቅል ወገን ፍሬዎችን ዕድገት ለረጅም ጊዜ አጥንቷል። የትልቅና የትንሽ ዝርያዎች ልዩነት በአመዛኙ የሚመጣው ከዕድገቱ ፍጥነት ይልቅ ዕድገቱ ከሚቆይበት ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። ጄሲካ ሳቬጅና ባልደረቦቿም እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ግዙፍ ዱባዎች ስኳርን ከቅጠል ወደ ፍሬ የሚያመላልስ ሕብረ ሕዋስ በብዛት እንዳላቸው አመልክተዋል። እንግዲህ ፍሬው ትልቅ የሚሆነው ሲሳዩ ረጅም ጊዜ ሳይቋረጥ ሲደርሰው ነው። የሚቆይበትን ጊዜ ደግሞ ከመነሻው ፍጥነት ማንበብ አይቻልም።

ታዲያ መቼ ማንበብ ይቻላል? የዕለት ጭማሪው ጣሪያ ነክቶ መውረድ ሲጀምር ነው። በሎጂስቲክ ቀመር በዚያች ቀን ፍሬው የመጨረሻ ክብደቱ ግማሽ ላይ ደርሷል፤ በጎምፐርትዝ ቀመር 37 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ጭማሪው ጣሪያ በነካበት ቀን 6 ኪሎ ግራም የነበረ ዱባ፣ ነገሩ እንደ ጀመረ ከቀጠለ፣ ከ12 እስከ 16 ኪሎ ግራም ባለው ክልል ይወድቃል ማለት እንችላለን። አንድ ቁጥር ከመናገር ክልሉን መናገር ይበልጥ እውነተኛ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ምን ፋይዳ አለው? ወደ ምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ ወደ ታች ጋይንቷ አርብ ገበያ እንምጣ። በዚያም እንደ ሌላው የአማራ ገጠር ዱባ የጓሮ ተክል ነው። ክረምቱ ሲያልቅ፣ ጎተራው ሳስቶ አዲሱ እህል ገና ሳይደርስ፣ ለቤተሰብ ቀለብ ይሆናል። ገበያ ላይም በብዛት የሚሸጠው በፍሬ፣ በዓይን ተገምቶ ነው። ሦስት ልኬት ወስዳ የዕለት ጭማሪውን የመዘገበች አንዲት እናት ፍሬዋን መቼ እንደምትቆርጥ በተሻለ ትወስናለች፤ ከገዢ ጋር ስትከራከርም መረጃ ይዛ ነው።

ከዱባው አልፎ የሚሄድ ነገርም አለ። ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚሠራባቸው ወረዳዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ አካባቢ ምርትን አስቀድሞ መገመት የምሁራን ጨዋታ አይሆንም፤ ለማን ድጋፍ ይድረስ፣ ማን በሬውን ይሽጥ የሚሉት ውሳኔዎች ይንጠለጠሉበታል። በሐምሌ ማሳው ለምልሞ ሲታይ «ዘንድሮስ ጥጋብ ነው» ማለት፣ በአሥረኛው ቀን ሁለቱን ዱባዎች እኩል ናቸው ከማለት ጋር አንድ ነው። ልምላሜው የመነሻውን ፍጥነት ያሳያል። ፍሬውን የሚወስነው ዝናቡ እስከ መቼ ይቆያል የሚለው ነው። ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ቢቋረጥ፣ ያ ሁሉ ልምላሜ ለእህሉ ክብደት ዋስትና አይሆንም። የሐምሌን ትንበያ አምኖ የድጋፍ ዝርዝሩን የዘጋ አካል ስሕተቱን የሚያውቀው በኅዳር፣ አውድማው ላይ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ ይሆናል።

ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀውም ሜትር፣ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ነው። እንስቷ አበባ ርክበ ብናኝ ያገኘችበትን ቀን መዝግቡ፤ ቀኑን ከዚያ ቁጠሩ። በየሦስት ቀኑ፣ በአንድ ሰዓት፣ በፍሬው ላይ ምልክት በተደረገበት ቦታ ለኩ። ፍሬውን አታገላብጡ፤ እንብርቱ ሊቀነጠስ ይችላል። ከክብደቱ ይልቅ ጭማሪውን በግራፍ አስቀምጡ። ጭማሪው በተከታታይ ሦስት ልኬቶች እስኪቀንስ ድረስ ትንበያ አትስጡ። ፍሬው ሲቆረጥ ሚዛን ላይ አውጡትና ትንበያችሁን ከእውነቱ አስተያዩ፤ የሳታችሁትንም አትሰርዙ። የውጭው ሰንጠረዥ የተሠራው ከውጭ ዝርያ ስለሆነ፣ ለአርብ ገበያ ዱባ የሚሆነው ሰንጠረዥ የሚገኘው ከአርብ ገበያ ጓሮ ነው።

አበቃቀሉ ለየቅል ከሆነ፣ አለካኩም ለየቅል መሆን አለበት።