መንጋቱን የሚነግር ታማኝ

ማንበብ ለማይችሉ ወገኖች ስለማንበብ በሚኒሶታ ለጀመዓችን የተደረገ ንግግር





ኮሚቴያችን ይህን የመታሰቢያ መጽሔት ለማሳተም ሲነሣ እኔም ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስለፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መጽሔቱ ታትሞ ሲወጣ ሁላችንም አንድ አንድ ቅጂ ይዘን ወደየቤታችን እንገባለን። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ቅጂውን ተቀብለው፣ ሽፋኑን በእጃቸው ዳብሰው፣ ከዚያም መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጥ በቀር ምንም ሊያደርጉበት የማይችሉ ሰዎች አሉ። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነርሱ ነው፤ ከእነርሱም ይልቅ ስለ እኛ ነው።

እንደሚታወቀው ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች አንዱ የሆኑት ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ዓይነ ስውር ነበሩ። ሱረቱ ዐበሰ በእርሳቸው ምክንያት መውረዷን ዑለማዎቻችን ዘወትር ያስተምሩናል። እኔ ዛሬ የማነሣው ሌላውን ታሪካቸውን ነው። በመዲና ቢላል ገና ሌሊት ሳለ አዛን ያደርጉ ነበር፤ ፆመኛው ከመብልና ከመጠጥ የሚታቀበው ግን የኢብኑ ኡሙ መክቱምን አዛን ሲሰማ ነበር። እርሳቸውም ጎሕ ሲቀድ በዓይናቸው ስለማያዩ፣ ሰዎች መንጋቱን እስኪነግሯቸው ድረስ አዛን አያደርጉም ነበር።

እስቲ ይህን ነገር ልብ ብለን እናስበው። የአንድ ከተማ ሕዝብ ፆም በአንድ ዓይነ ስውር ድምፅ ላይ ቆሞ ነበር። የእርሳቸው አዛን ደግሞ መንጋቱን በሚነግራቸው ሰው እውነተኛነት ላይ የቆመ ነበር። ያ ሰው ተጣድፎ ሳይነጋ ነጋ ቢል፣ ወይም ተዘናግቶ ዝም ቢል፣ ጥፋቱ ለከተማው ሁሉ ይተርፍ ነበር። ለማያይ ሰው ማየት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ያዩትን ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ፣ ሳያዘገዩ መናገር።

እኔ ይህን አማና በልጅነቴ አጉድዬዋለሁ። ያደግሁት በወሎ ነው። አያቴ በስተእርጅና ዓይናቸው ስለጠፋ፣ አጎቴ ከጅዳ የሚልከውን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እኔም እንደ ትልቅ ሰው መሐል እቀመጣለሁ። አንድ ቀን የመጣው ደብዳቤ አጎቴ ታሞ መተኛቱንና ከሥራ መውጣቱን የሚገልጽ ነበር። እናቴ ወሬውን ከደብዳቤው አምጪ አስቀድማ ሰምታ ኖሮ፣ ከአያቴ ጀርባ ሆና እንዳላነበው በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። እኔም ሰላምታውን አንብቤ፣ መካከሉን ዘልዬ፣ በሰላምታ ጨረስኩት።

አያቴ ልጃቸው ደህና መሆኑን ሰምተው አላህን አመሰገኑ። እርሱ በሚልከው ገንዘብ እከፍላለሁ ብለውም በሬ በዱቤ ገዙ። ገንዘቡ ሳይመጣ ሲቀርና ባለዕዳው ደጃቸው ሲመላለስ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። አያቴ አልተቆጡኝም። ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «ልጄ፣ ዓይኔን አላህ ወሰደው፤ የሰጠውን ነው የወሰደው። ጆሮዬን ግን አንተ ለምን ወሰድክብኝ?» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወንድሞችና እህቶች፤

ዛሬ የምንኖርባት ይህች ሚኒሶታ በዚህ ጉዳይ ታሪክ ያላት አገር ናት። በሬዲዮ ለዓይነ ስውራን የማንበብ አገልግሎት በአሜሪካ መጀመሪያ የተከፈተው በዚህ ነው። ዘመኑም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1969 ነበር። ስታንሊ ፖተርና ሮበርት ዋትሰን በተባሉ ሰዎች አነሣሽነት የተጀመረው ይህ አገልግሎት «ሬዲዮ ቶኪንግ ቡክ»፣ ማለትም «የሚናገር መጽሐፍ ሬዲዮ» ተባለ። ድምፁም በኮሌጅቪል ከሚገኘው ኬ.ኤስ.ጄ.አር. ከተባለው የኤፍ.ኤም. ጣቢያ ማሰራጫ ጋር ተዳብሎ ይተላለፍ ነበር።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። አንድ የኤፍ.ኤም. ጣቢያ ሕዝብ ሁሉ ከሚሰማው ፕሮግራም ጋር ሌላ ስውር ድምፅ አዳብሎ ሊልክ ይችላል። ግመል ጨው በግራና በቀኝ ተጭኖበት በአንድ መንገድ እንደሚሄድ ማለት ነው። ተራ ሬዲዮ አንዱን ጭነት ብቻ ያራግፋል፤ ሁለተኛውን የሚያወርደው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መቀበያ ነው። ይህም መቀበያ ለአድማጮች በነፃ በውሰት ይሰጥ ነበር። ድምፁ ለሁሉ ክፍት ያልሆነበት አንዱ ምክንያት የደራስያንና የአሳታሚዎች መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግም ለዓይነ ስውራንና ለመሰሎቻቸው ተብሎ በዚህ መንገድ የሚደረገውን ንባብ ፈቅዶታል። በአውስትራሊያ ያሉት መሰል ጣቢያዎች ግን በተራ ሬዲዮ ለሁሉም ይሰማሉ። በኋለኛው ዘመን ደግሞ በስልክና በኢንተርኔት የሚሰማበት መንገድ ተጨምሯል።

አገልግሎቱ ለዓይነ ስውራን ብቻ አይደለም። እጁ በሽባነት ምክንያት መጽሐፍ መያዝ የማይችል፣ በመንቀጥቀጥ ገጽ መግለጥ ያቃተው፣ ፊደል እያየ አእምሮው ሊያገጣጥምለት ያልቻለ ሁሉ ተጠቃሚ ነው። ብሬልስ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1829 ያሳተመው የነጥብ ጽሕፈት ታላቅ ፀጋ ነው። ነገር ግን በስተእርጅና ዓይኑን ያጣ ሰው እርሱን መማር ይከብደዋል። ብዙ ወገኖቻችንን የያዘው የስኳር በሽታ ደግሞ ዓይንን ብቻ አይጎዳም፤ የጣትንም ስሜት ሊያደነዝዝ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው የቀረው በር ጆሮው ነው።

በእነዚህ አገልግሎቶች የሚያነቡት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የሚነበበውም ታላላቅ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የዕለቱ ጋዜጣ ይነበባል፤ የሸቀጥ ዋጋ ማስታወቂያ ይነበባል፤ የሞቱ ሰዎች ዜና ይነበባል። ዋናው ደንብ ደግሞ አንባቢው የራሱን አስተያየት እንዳያስገባ፣ የማይወደውንም ነገር እንዳይዘልል ነው። ይህን ደንብ ስሰማ አያቴ ትዝ አሉኝ። እኔ የዘለልኩት እኮ ክፉ አስቤ አይደለም፤ አዝኜላቸው ነው። ማዘን ግን በሌላው ሰው ደብዳቤ ላይ ሥልጣን አይሰጥም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከጀመዓችን አንድ ሽማግሌ በስኳር ምክንያት ዓይናቸውን ያጡ ነበሩ። ከዓመታት በፊት ልጠይቃቸው ስሄድ ያ መቀበያ አልጋቸው አጠገብ ነበር። ለብዙ ዓመት በመኪና ማቆሚያ ሲሠሩ እንግሊዝኛ ስለለመዱ፣ የከተማውን ጋዜጣ በየማለዳው ያዳምጣሉ። የዶሮ ዋጋ የት እንደረከሰ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁ ነበር። በጨዋታ መካከል ግን ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፤ «በዚህ ሬዲዮ የማላውቀው ፈረንጅ መሞቱን በማግስቱ እሰማለሁ። አብሮኝ በአንድ ሶፍ ሲሰግድ የኖረው ወዳጄ መሞቱን ግን የሰማሁት ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው።»

ለምን ይመስላችኋል? የጀናዛው ማስታወቂያ በመስጊዳችን በር ላይ በወረቀት ተለጥፎ ነበር። ሁላችንም አንብበነዋል። ሁላችንም ሌላ ሰው ይነግራቸዋል ብለን አልፈናል። እኚያ አባት የወዳጃቸው ጀናዛ ያመለጣቸው ዓይን ስለሌላቸው አይደለም፤ እኛ ዓይን እያለን ስላልነገርናቸው ነው።

ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ጽሑፍ ያነባል የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ የሚችል ሁሉ ይጠቀምበት። ነገር ግን ስልኩን መንካት የሚፈሩ አረጋውያን አሉን፤ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤም አለን። ቋንቋችንም የራሱ ጠባይ አለው። «ዋና» ብለን ስንጽፍ ጠብቆ ሲነበብና ላልቶ ሲነበብ ሁለት ነገር ነው፤ «አለ»ም እንዲሁ። ይህን ከዐረፍተ ነገሩ አገባብ ለይቶ በትክክል የሚያነብ፣ የሰውን ስምና የአገርን ስም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ስለሆነም ለኮሚቴያችንና ለወጣቶቻችን የማቀርበው ሐሳብ ሬዲዮ ጣቢያ እንክፈት የሚል አይደለም። ከአቅማችን በላይ ያልሆነ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እህቶች ለንባብ ይመደቡ። በበር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሁሉ፣ በተለይም የጀናዛ፣ በዚያው ሰዓት በስልክ ተደውሎ እንዳለ ይነበብላቸው።

ሁለተኛ፣ ይህ መጽሔት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በድምፅ ይቀዳ። ጽሑፉ የራሳችን ስለሆነ ፈቃድ የምንጠይቀው ከራሳችን ነው። አንባቢው አስቀድሞ ተለማምዶ ይምጣ፤ የጸሐፊውንም ስም፣ ቀኑንና ቁጥሩን ሳይዘልል ያንብብ።

ሦስተኛ፣ የሆስፒታል፣ የባንክና የቤተሰብ ደብዳቤ እንዲነበብለት የሚፈልግ ሰው አንባቢውን ራሱ ይምረጥ። አንባቢውም ያነበበውን እዚያው ትቶ ይውጣ። የሰው ምስጢር አማና ነው።

እኛም ብንሆን ዕድሜ ከሰጠን ነገ ዓይናችን መድከሙ አይቀርም። ያን ጊዜ ደብዳቤያችንን ማን እንዲያነብልን እንደምንፈልግ ዛሬ እናስብ። መሐሉን ዘልሎ የሚያስደስተንን ነው ወይስ ያለውን እንዳለ የሚነግረንን?

አያቴ ከዚያ ቀን በኋላም ደብዳቤ የሚያስነብቡት እኔን ነበር። ለማንበብ ስቀመጥ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ሁሉንም» ይሉኝ ነበር። ሌላ ቃል አይጨምሩም።

አላህ (ሱ.ወ.) ከመካከላችን ለማያዩት የታመኑ ዓይኖች ያድርገን። የታመሙትን ያሽርልን፤ የሞቱትን ይማርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።