ዋስትናው ካበቃ በኋላ፦ ስለ ተበላሸ ስክሪንና ስለ ጥገና
በአማኑኤል ከተማ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



የዛሬው ርእሴ ከአዳራሽ ይልቅ ለጥገና ሱቅ የሚስማማ ሊመስል ይችላል። ኮምፒውተር ይገዛል፣ ሕዝቡ ዋራንቲ የሚለው የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጠዋል፤ ዓመቱ ያልፋል፣ ከዚያም አንድ ቀን ጠዋት ስክሪኑ ጨልሞ ይገኛል። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ቀጥሎ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዕቃው ወደ ንብረት ክፍል ይወርዳል፣ አቧራ ይለብሳል፣ ሌላ እንዲገዛም ይጠየቃል። ጥያቄዬ ማን ይጠግነዋል የሚል አይደለም። ጠጋኝ አለ። ጥያቄዬ ዕቃው መጀመሪያውኑ እንዲጠገን ታስቦ ተገዝቷል ወይ የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በአገራችን ጎልቶ የታየው በኮምፒውተር ሳይሆን በፕላዝማ ነበር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር፤ በክፍል ውስጥ ላለው መምህር የቀረችው የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ያን ጊዜ የተነሣውን ክርክር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ መምህሩ ተመልካች ሆነ፣ ተማሪው ማስታወሻ መያዝ አልቻለም ተባለ። ክርክሩ ተገቢ ነበር። በእኔ ግምት ግን ከሥነ ማስተማሩ ያላነሰ ክብደት ያለው ጥያቄ በቂ ትኩረት ሳያገኝ ቀረ፤ ስክሪኑ የተበላሸ ዕለት ትምህርቱ ምን ይሆናል? መምህሩን ከመሣሪያው ጋር ባሰርነው መጠን የመሣሪያው ብልሽት የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ብልሽት ሆነ። ኃይል በሚቆራረጥበት ገጠር ደግሞ ብልሽት መምጣቱ አይቀሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። ፓናሶኒክ የፕላዝማ ስክሪን ማምረቱን በ2006 ዓ.ም. አቆመ፤ ሳምሰንግ በ2007 ተከተለው። የዋስትናው ማብቂያ ቀን በውል ላይ ይጻፋል፤ የመለዋወጫው ማብቂያ ቀን ግን የትም አልተጻፈም ነበር። አዲስ አበባ ከአማኑኤል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ፋብሪካው ራሱ ፓነሉን መሥራት ካቆመ ግን ርቀቱ ምን ለውጥ ያመጣል?

የዛሬው የኮምፒውተር ስክሪን የተሻለ ዕድል አለው። ኤል.ሲ.ዲ. ራሱ ብርሃን አያመነጭም፤ ምስሉን የምናየው ከጀርባው ባለ መብራት ነው። ስለዚህ “ስክሪኑ ሞቷል” ከማለት በፊት ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ በስክሪኑ ላይ አግድም ማብራት ይገባል። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ ፓነሉ ደኅና ነው፤ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ወይም ለእርሱ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ከሌላ ሞኒተር ጋር በገመድ ይያያዝ፤ ምስሉ በዚያ በትክክል ከመጣ ጥፋቱ ባብዛኛው በላፕቶፑ ስክሪን ወይም ወደ ስክሪኑ በሚሄደው ገመድ ላይ ነው። ጨርሶ የማይነሣ ወይም ለመነሣት ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ ሞኒተር ሲከፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ነው። በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ሙቀት እያደረቀው ይሄዳል፤ ከፍ ዝቅ የሚል ኃይልም ያፋጥነዋል። በካውያ ተነቅሎ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ የማያንስ፣ 105 ዲግሪ የሚችል ሌላ ይተካበታል። የዚህ ዕቃ ዋጋ ከሞኒተሩ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ፓነሉ ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ነው፤ የፓነል ዋጋ ወደ አዲስ ሞኒተር ዋጋ ስለሚጠጋ በዚያ ላይ ገንዘብ ማፍሰስን አልመክርም።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አይጠገንም? የመሥሪያ ቤት ንብረት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ለመግባቱና ለመውጣቱ ሰነድ አለው፤ የሕመሙ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ አይመዘገብም። ሞኒተሩን የከፈተ ባለሙያ ቢያድነው የሚያመሰግነው የለም፤ ቢያበላሸው ይጠየቃል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ አለመንካት አስተዋይነት ነው፣ ባለሙያውን አልወቅስም።

ሕጉም እስከዚህ ድረስ አይወስደንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተሸጠ ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዥም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። ሁለቱም በዋናነት የሚመለከቱት ከዕቃው ጋር የተሸጠን ጉድለት ነው። በሦስተኛው ዓመት ያበጠ ካፓሲተር በዚያ ውስጥ መግባቱ አጠራጣሪ ነው።

የማቻክል ገበሬ ወገሉ ቢሰበር ሞፈሩን አይጥልም። ድግር፣ እርፍ፣ ቀንበር፣ ማረሻ እያንዳንዱ ለብቻው ይለወጣል፤ ማረሻውንም ቀጥቃጩ ያድሰዋል። ይህን የምለው ያለፈውን ለማሞካሸት አይደለም፤ ሞኒተር ሞፈር አይደለም። ነገር ግን ሞኒተርም የክፍሎች ስብስብ ነው፤ ክፍሎቹን ለይቶ የሚያቀርብ ከሌለ ብቻ ነው አንድ ወጥ ዕቃ የሚሆነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አውጥቷል። አምራቹ የአንድን ሞዴል የመጨረሻ ስክሪን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ለባለሙያ ጠጋኞች ቢያንስ ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በዝርዝሩ ውስጥ የውስጥ የኃይል ክፍልና ከ400 ማይክሮፋራድ በላይ የሆኑ ካፓሲተሮች ይገኛሉ፤ በእኛም ሱቆች የሚፈለጉት እነዚሁ ናቸው። ይህን ግዴታ እኛ በአዋጅ እስክናገኘው መጠበቅ የለብንም። 40 ኮምፒውተር የሚገዛ ትምህርት ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ የመለዋወጫ አቅርቦት ዘመን፣ የጥገና መመሪያና ጥቂት ተጨማሪ የኃይል ቦርድ መጠየቅ ይችላል። 40ውም አንድ ሞዴል ከሆኑ ደግሞ ፓነሉ የተሰበረው ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል።

የማይድነውንም መጋዘን ውስጥ መቆለል መፍትሔ አይሆንም። አሮጌዎቹ ሞኒተሮች የጀርባ መብራታቸው ሜርኩሪ አለበት፤ ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 የወጣውም ለዚህ ዓይነቱ ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በሥርዓት መሰብሰቡ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከማለፌ በፊት ለተማሪዎቼ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ፤ ዛሬ ማታ ቤት ሄዳችሁ ሞኒተር እንዳትከፍቱ። የእኛ 220 ቮልት በኃይል ቦርዱ ላይ ወደ ቀጥተኛ ፍሰት ሲለወጥ ዋናው ካፓሲተር እስከ 311 ቮልት ድረስ ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ያን ኃይል ሊያቆየው ይችላል። መጀመሪያ በቴስተር መለካትን ተማሩ፤ ከዚያም ከሚያውቅ ሰው ጋር ክፈቱ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።