ሕግ ፈቀደልኝ ስለሚል ባለጸጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ፈሪሳውያን ጌታችንን በነገር ሊያጠምዱት ፈልገው ለቄሣር ግብር መስጠት ይገባልን ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ ዲናር አስመጥቶ መልኩ የማን እንደ ሆነ እንደ ጠየቃቸው፣ ለንጉሡም ለአምላክም የየድርሻቸውን እንዲሰጡ እንዳዘዛቸው ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ የኖርነው ነው። ስለዚህ ግብር መክፈል ይገባል ወይስ አይገባም በማለት ዛሬ ጊዜ አናጠፋም። የዛሬው ነገራችን ከዚህ የረቀቀ ነው። ይኸውም ሐሰት ሳይናገር፣ መዝገብ ሳይደብቅ፣ ሕጉ የጠየቀውን ሁሉ እየከፈለ፣ ነገር ግን ሕጉ ከእርሱ ብዙ እንዳይጠይቅ ንግዱንና ሀብቱን አስቀድሞ ስላበጀ ባለጸጋ ነው።

ግብርን መሰወርና ከግብር መሸሽ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሁለት መዝገብ የሚይዝ፣ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ነጋዴ ለዳኛም ሆነ ለነፍስ አባቱ የሚመልሰው ቃል የለውም፤ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያሻም። ሸሺው ግን ደረቱን ነፍቶ፣ «የትኛውን ሕግ አፈረስሁ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ አላፈረሰም። የሕግ ዐዋቂ ቀጥሮ፣ የሒሳብ ሠራተኛ አማክሮ፣ በሕጉ ቅጥር ላይ የተከፈተ በር ፈልጎ በዚያ ወጥቷል። በሩንም የከፈተው ሕግ አውጪው እንጂ እርሱ አይደለም። እንግዲህ ይህ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምን ይባላል?

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር ወደ አንድ የታወቀ አገር እንውሰደው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው የዲላ ከተማ፣ ከእርሱም ወደ ደቡብ ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌና ኮቸሬ፣ ስማቸው በቡና የተጠራ ነው። የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱን፣ ቡናውንና ታላላቁን ዛፍ በአንድ መሬት ላይ አስማምቶ ያለማው አገር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህን ክብር ያገኘው ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የገበሬ ጥበብና ድካም ነው። የአንዱ ገበሬ ማሳ ጠባብ ነው፤ ሕዝቡም ብዙ ነው። ቀዩ እሸት ቡና ከዛፉ በተለቀመ ጊዜ ግን ከጠባቡ ማሳ ወደ ሰፊው መጋዘን ይጓዛል፤ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከማጠቢያው ጣቢያ ወደ ላኪው፣ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ። ከታች ያሉት እጆች ብዙዎች ናቸው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እጆቹ ጥቂት፣ ገንዘቡም ብዙ እየሆነ ይሄዳል።

እንበልና በእንደዚህ ያለ የቡና አገር አንድ ባለጸጋ አለ። ስሙን አንጠራም፤ የምንናገረው ስለ አንድ ሰው ሳይሆን ስለ አንድ ልማድ ነውና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ነጋዴዎችን «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብሎ በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነው መዝገብ አሟልቶ እንዲይዝ፣ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነው ደግሞ ያለ መዝገብ በቁርጥ እንዲከፍል። ለመንገድ ዳር ሻጭ የታሰበ ርኅራኄ ነበር። ባለጸጋው ግን አንዱን መደብሩን ሦስት አደረገው፤ አንዱ በስሙ፣ አንዱ በሚስቱ፣ ሦስተኛው በወንድሙ ልጅ። ሦስቱም በሮች ወደ አንድ ጓሮ ይከፈታሉ፤ የሦስቱም ቁልፍ በአንድ ኪስ ነው። ይህ ዐዋጅ ገቢን እየከፋፈሉ ግብር ማሳነስን የሚመለከት አንቀጽ ስለነበረው፣ ስሙን ያዋሰው ዘመድ በእውነት የንግዱ ባለቤት ካልሆነ ነገሩ ከመሸሽ አልፎ በሐሰት መመስከር ይሆናል። ዳሩ ግን ባለቤትነቱን በወረቀት አጽድቆ፣ ሁሉን እንደ ሥርዓቱ ከፈጸመ፣ ማን ይይዘዋል? ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ደረጃዎቹ ሁለት ሆኑ። ገንዘብ ያለው ሰው በሦስቱም መንገድ አላጣም፤ በሁለቱም አያጣም።

ሌላው ደግሞ ለእርሻ ልማት ተብላ ያለ ቀረጥ የገባችውን መኪና እርሻ ሳታይ በከተማ አስፋልት ላይ ያስረጃታል። ሌላው የግብር እፎይታ ዘመኑ ሲያልቅ ድርጅቱን ዘግቶ በአዲስ ስም ሌላ ይከፍታል፤ ሠራተኞቹ ያው፣ መሣሪያዎቹም ያው።

አሁን ወደዚያው ከተማ መምህር ዘወር እንበል። የመምህሩ ግብር ደመወዙ ገና እጁ ሳይገባ ተቆርጦ ይቀራል። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ 2,000 ብር ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ያለው እያደገ እስከ 35 በመቶ ይከፈልበታል። መምህሩ ደመወዙን ከፍሎ ግማሹን በሚስቱ ስም ሊያስጽፍ አይችልም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በአዲስ ስም እንደገና ልትቀጠርና እፎይታ ልታገኝ አትችልም። በገበያ ቆጮ ሸጣ የምታድር እናት ሳሙና ለመግዛት ተመዝግቦ ከሚነግድ መደብር በገባች ጊዜ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍላለች፤ የሕግ ዐዋቂ አማክራ የምትወጣበት በር የላትም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ጥቃቅን ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው የጮኹት፣ ግምቱ ከዐቅማችን በላይ ነው ብለው ነበር። ያን ጊዜ በግምት ያልተነኩት ብልሆች ከመስኮታቸው ሆነው ሲያዩ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ምእመናን ሆይ፤ የነገሩ ሥር ይህ ነው። ግብር እንደ ጋራ ሸክም ነው። ዐሥር ሰዎች የሚሸከሙትን ግንድ ብርቱው በዘዴ ትከሻውን ቢያወጣ፣ ግንዱ አይቀልም፤ በዘጠኙ ላይ ይከብዳል። ከዘጠኙም ይበልጥ የሚጎብጠው ደካማው ነው። መንገዱ መሠራት፣ ትምህርት ቤቱ መከፈት፣ መድኃኒቱ መገዛት አለበትና።

ይህ ለዚያ አገር አዲስ ታሪክ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ለየ፤ ቀድሞ በእህል ይሰጥ የነበረውም ዐሥራት እንደ መሬቱ ዐይነት በተወሰነ ገንዘብ እንዲከፈል ሆነ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ባለመሬቱ ግን ለመንግሥት በተወሰነው ገንዘብ ሲከፍል፣ ከጢሰኛው የሚቀበለው የምርቱን ዐሥረኛ እጅ በዐይነት ነበር። የእህልና የቡና ዋጋ እያደገ በሄደ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በባለመሬቱ ጎተራ ይቀር ነበር። በብዙ ስፍራ ለሙ መሬት ጠፍ ተብሎ እንዲመዘገብ የሚያደርግ ወዳጅም አይጠፋም ነበር። ዐሥራቱ የእግዚአብሔርን ስም የያዘ ግብር መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። ባለመሬቱ ሕግ አፍርሰሃል ቢባል ደረሰኙን ያሳያል፤ ደረሰኙም እውነተኛ ነው።

በጌዴኦ ምድር በባለመሬትና በጢሰኛ መካከል በቡናው ድርሻ የተነሣው ጠብ በ1952 ዓ.ም. በሚችሌ ደም እስከ ማፋሰስ ደረሰ። ጦርና ጎራዴ የያዘው ገበሬ ጠመንጃ ከያዙት ጋር ተጋጠመ። የሞቱት የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው፤ ከየትኛውም ወገን ይሁኑ ነፍሳቸውን ይማር። ከዚያ በኋላ በ1960 ዓ.ም. ዐሥራት ተሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ረቂቁ በፓርላማ በቀረበ ጊዜ ከአባላቱ ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬቶች ስለነበሩ አለዝበው አሳለፉት። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ሕጉን የሚጽፈውና ከሕጉ የሚሸሸው አንድ ሰው ሲሆን፣ «ሕግ ፈቀደልኝ» ማለት «እኔ ለራሴ ፈቀድሁ» ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲደረግ፣ ያ ሁሉ በጥበብ የተጻፈ ወረቀት በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ።

ጌታችን ይህን ዐይነቱን ብልሃት ያውቀው ነበር። በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7 እንደ ተጻፈው፣ በዚያን ዘመን አንድ ሰው አባቱንና እናቱን የሚጦርበትን ገንዘብ ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተለየ ነው ብሎ ቢናገር፣ ወላጆቹን ከመጦር ነጻ የሚያወጣው ወግ ነበር። ወጉ የታወቀ፣ በመምህራን የጸደቀ ነው። ልጁ አልሰረቀም፤ ወላጆቹን አልሰደበም። የሚያውቀውን ቃል በሚያውቀው ቦታ ተናገረ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ጦማቸውን አደሩ። ጌታም የወጉን አዋቂዎች የገሠጻቸው ሕግ አፈረሳችሁ ብሎ ብቻ አልነበረም፤ በወጋቸው የአምላክን ትእዛዝ ባዶ አደረጋችሁ ብሎ ነው እንጂ። ልብ በሉ፤ ያ ገንዘብ ለመቅደስ የተባለ ነበር፤ ይህም አላዳነውም። ዛሬም በጥምቀት ዕለት በወርቅ ክር የተጠለፈ ጃንጥላ ለታቦት የሚያበረክት፣ በዚያው ዓመት ግን የድኻውን መንገድና የድኻውን ትምህርት ቤት ገንዘብ በዘዴ ያስቀረ ሰው ቢኖር፣ ጃንጥላውን ሲዘረጉለት የሚደሰት እንጂ ከቁርባኑ ልጅ የሚለየው ጥቂት ነው። ምጽዋት ሰጪው ስሙን ያስጠራል፤ ግብር ከፋዩን ግን ማንም አያመሰግነውም። ምናልባት ብዙዎች ከሁለቱ የመጀመሪያውን የሚመርጡት ለዚህ ይሆናል።

አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ቤተ ክርስቲያን ራሷ ግብር ይቀነስ ስትል አልኖረችምን?» ሊል ይችላል። ኖራለች። የቂሳርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ ለመኳንንቱ ደብዳቤ እየጻፈ ምሕረት ይለምን ነበር፤ በታውሮስ ተራራ ብረት እያቀለጡ በሚኖሩት ላይ የተጣለው የብረት ግብር እንዲቃለል ለሞዴስጦስ የጻፈው ይታወቃል። ልዩነቱን ግን እንይ። ባስልዮስ የለመነው በግልጥ ነው፤ ለመሸከም ለማይችሉት ነው፤ ለራሱ ጎተራ አይደለም። ባለጸጋውም ግብሩ በዝቷል ብሎ በአደባባይ ቢከራከር፣ ምክንያቱን ቢያስረዳ፣ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ለሁሉ የሚበጅ ክርክር ትቶ ለራሱ ብቻ የሚበቃ ቀዳዳ የሚፈልገውን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መልስ ግን ሌላ ነው። «የምከፍለው ገንዘብ ይባክናል፤ በሹም እጅ ይቀራል፤ ስለዚህ ባስቀረው ይሻላል» የሚሉ አሉ። ይህን ቃል አንንቀውም። የሕዝብን ገንዘብ ያባከነ ሹም ከሸሺው ይልቅ የሚጠየቅበት ቀን አለው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ የግፍ ሥርዐት በሚጽፉ ላይ ወዮ ብሎአል። ነገር ግን ይህ ክርክር ለምን የባለጸጋው ብቻ ሆነ? መምህሩ ይህን ብሎ ደመወዙን ሊያስቀር አይችልም። ቆጮ ሻጭዋም ሳሙናዋን በዚህ ምክንያት ያለ ታክስ አታገኝም። ብክነትን መጥላት እውነተኛ ከሆነ፣ ባለጸጋው ድምፁ በሚሰማበት ጉባኤ ተነሥቶ ይጠይቅ፤ ሒሳቡ ይገለጥ ይበል። በሶንጎ ተቀምጦ ነገርን በአደባባይ መመርመር ለጌዴኦ ሽማግሌ እንግዳ አይደለም። ሳይጠይቅ ገንዘቡን ብቻ ያስቀረ ሰው ግን ብክነቱን ምክንያት አደረገው እንጂ አልጠላውም።

በኢያሪኮ የነበረው ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ ነበር። የግብርን በር ሁሉ፣ የሚከፈተውንም የሚዘጋውንም ያውቃል። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ቀን፣ ሕጉ ምን ያህል ያስከፍለኛል ብሎ የሕግ ዐዋቂ አላስጠራም። በኦሪት ዘኍልቍ በደሉን ለተናዘዘ ሰው የታዘዘው የወሰደውን መልሶ አምስተኛ እጅ መጨመር ነበር፤ ለዚህ የሚበቃ ገንዘብ በቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ እርሱ ግን የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቆመ። ይህን ሲናገር በቤቱ ውስጥ ነበረ፤ በእንግድነቱ ያጉረመረሙትም በኢያሪኮ የነበሩት፣ ግብሩን ሲከፍሉ የኖሩት ሰዎች ነበሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።