ቤዝ ጊታሬን ራሴ ማስተካከል ስማር
(በምሩቃን መገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሕክምና ውጭ ስለሆነ ነገር አስር ደቂቃ ተናገሪ» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ከሕክምና ውጭ ምን አውቃለሁ? ልጄ ሰምታኝ «እማ፣ ስለ ጊታርሽ ንገሪያቸዋ» አለችኝ። ስለዚህ የማወራው ስለ ቤዝ ጊታር ነው። ስላይድ የለኝም። ሌክቸር ላይ ከኋላ ወንበር መተኛት የለመዳችሁትን አውቃችኋለሁ፤ ተኙ፣ አልቀየማችሁም።

ተማሪ ሳለሁ የግቢው ባንድ ሲለማመድ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። ዘፋኙን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ከሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ ነበር። በሮሃ ባንድ ሥራዎች ውስጥ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ለይታችሁ ሰምታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ቢወጣ ግን ዘፈኑ ዕቃው የወጣለት ቤት ይመስላል። ያኔ ለመማር ጊዜም ገንዘብም አልነበረኝም። አርባን ካለፍኩ በኋላ አንድ ያገለገለ ቤዝ ገዛሁ።

በሦስተኛው ወር የግራ እጄ ጣቶች ማበጥ፣ የእጄ አንጓ መጠዝጠዝ ጀመረ። ሐኪም አይደለሁ? ለራሴ «የጅማት መቆጣት» ብዬ አይቡፕሮፌን አዘዝኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሰው ጠቁሞኝ አንድ በዕድሜ የገፉ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ጊታሩን አንስተው በአንድ ዓይናቸው አንገቱን ቁልቁል አዩና «ዶክተር፣ እጅዎ ደህና ነው። ክሩ ከፍሬቱ በጣም ርቆ ነው የሚያሠቃይዎት» አሉኝ። በአንድ ሰዓት አስተካከሉልኝ። ሕመሙም በሁለት ሳምንት ለቀቀኝ።

ግን በጋው ገፋ ሲል ጊታሩ እንደገና ተበላሸ። ሦስተኛ ጊዜ ስመለስ «በየወቅቱ ከሚመላለሱ ቁጭ ይበሉና ላሳይዎት» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤዝ አራቱ ክሮች ሲቃኙ በድምሩ ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት አንገቱን ይጎትቱታል። እንጨት ነውና ወደ ፊት ይጎብጣል። ይህን የሚመክት፣ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ በአንገቱ ውስጥ አለ። ሲጠብቅ አንገቱን ያቃናል፤ ሲላላ ይለቀዋል። የሚፈለገው ግን ፍጹም ቀጥ ያለ አንገት አይደለም። የተመታ ክር መሐሉ ላይ ሰፋ አድርጎ ስለሚርገበገብ ትንሽ ጉብጠት ይተውለታል። ክሩን በ1ኛው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚገጥምበት ፍሬት ላይ ስትጫኑት፣ ክሩ ራሱ ማስመሪያ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በ8ኛው ፍሬት አካባቢ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ካለ ጥሩ ነው። እሱን የምለካው የመኪና መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት በሚለኩባቸው ስስ ብረቶች ነው።

ቤት ስደርስ ለካሁ፤ በጣም ሰፊ ነበር። ብሩጎላውን አስገብቼ አንድ ሙሉ ዙር አጠበቅሁት። በማግስቱ ክሮቹ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ተኝተው እንደ ዝንብ ይጮኻሉ። ደወልኩላቸው።

«ስንት አዞሩት?»

«አንድ ዙር።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ሩብ ዙር ነው፣ ዶክተር። ሩብ ያዞራሉ፣ መልሰው ይቃኛሉ፣ ይለካሉ፣ ያሳድሩታል። እንጨት ወዲያው መልስ አይሰጥም። ከጠነከረብዎ ደግሞ አይታገሉት፤ ዘንጉ ከተበጠሰ አንገቱ አለቀለት።»

አፈርኩ። የታይሮይድ ታካሚ መድኃኒት ተጨምሮለት ገና 6 ሳምንት ሳይሞላው ደም አስመረመራችሁ ብዬ ኢንተርን የምቆጣ ሰው ነኝ እኮ!

የቀረው በቅደም ተከተል ይመጣል። አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ የክሩ ከፍታ ይለካል፤ 17ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ክር 2.8፣ ለቀጭኑ 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ የድምፁ ልክነት ይታያል። ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ስትመቱትና ተጭናችሁ ስትመቱት አንድ ዓይነት ድምፅ መስጠት አለበት። ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ድምፁ ከፍ ማለት ይወዳል። ከፍ ካለ፣ ብሪጁ ላይ ያለውን የክሩን መቀመጫ በካቻቢቴ ወደ ኋላ ትወስዱታላችሁ፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። በየመሐሉ መልሶ መቃኘት ግድ ነው። አንዱ ሌላውን ስለሚነካ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ሥራውን ከእንደገና ይጀምራል።

በጋ ላይ እንጨቱ ሲደርቅ አንገቱ ይቃናል፣ ክሮቹ ይጮኻሉ፣ የፍሬቶቹም ጫፍ እጅ ይቧጥጣል። ክረምት እርጥበት ሲገባው ይጎብጣል፣ ክሮቹ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ለጊታሬ ካርድ አወጣሁለት፤ ቀን፣ ክፍተት፣ ከፍታ እየመዘገብኩ እከታተለዋለሁ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ቤዝ ከመጀመሬ ጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ዋርድ ኃላፊ ነበርኩ። ሁለት የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሮች ነበሩን። አንደኛው እየጮኸ አስቸገረና «አይሠራም» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። ለጥገና ደብዳቤ ጻፍኩ። ከዚያ ለሳምንታት ጠዋት ጠዋት ራውንድ ስንወጣ በአጠገቡ አልፍ ነበር። አንድ ሌሊት የሳንባ ምች ያለባቸው ሁለት ልጆች በተከታታይ ገቡ። አንዱን ባለን ማሽን ያዝን፤ ሌላውን በአምቡላንስ፣ በተንቀሳቃሽ ሲሊንደር ወደ ሌላ ከተማ ላክነው። እናቱ መኪናው ውስጥ ስትገባ ያየችኝን አልረሳውም። ልጁ ደረሰ፣ ተረፈም። ባይተርፍ ኖሮ ዛሬ ፊታችሁ ቆሜ አላወራውም ነበር።

የባዮሜዲካል ባለሙያው በመጣ ጊዜ የማሽኑን ማጣሪያ መዞ አወጣው። አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮበታል። በሳሙናና በውኃ አጠበው፣ በደንብ አደረቀው፣ መልሶ አስገባው፣ የኦክስጅኑን መጠን ለካ። ሠራ። መመሪያው ማሽኑ ላይ በፕላስቲክ ተንጠልጥሎ ነበር። ማጣሪያው በየሳምንቱ ይታጠብ ይላል። አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም ነበር። ሳንባን እስከ መጨረሻዋ የአየር ከረጢት ድረስ አውቃለሁ፤ አየሩ የሚገባበትን ስፖንጅ አላውቅም። የእኔ ሥራ ነው ብዬ አላሰብኩማ!

ያን ጊዜ አፍሬ አለፍኩ እንጂ ብዙም አልተለወጥኩም። የተለወጥኩት ብሩጎላ ከያዝኩ በኋላ ነው። አሁን ባለሁበት ዋርድ ሰኞ ሰኞ ከነርሶቹ ጋር ማጣሪያ እናጥባለን፤ ለእያንዳንዱ ማሽን ካርድ አለው። የማሽኑን ሆድ ግን አልከፍትም። ጊታሩም ላይ እንደዚያው ነኝ፤ ተሳስቼ መመለስ የምችለውን ራሴ እሠራለሁ፤ ፍሬት መሞረድን የመሰለውን፣ ከተሳሳቱ የማይመለሰውን፣ ለጋሼ እተወዋለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። መምህሮቻችን፣ ኢንተርኖቻችን አንድ ሁለት ቀን ከባዮሜዲካል ባለሙያዎች ጋር እንዲውሉ አድርጉልን። በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ ምሩቃን፣ ማሽን ስትለግሱ መለዋወጫ ማጣሪያውንና የአንድ ቀን ሥልጠናውን አብራችሁ ለግሱ።

ትናንት የተማሪዎቹን ሙዚቃ ክበብ ሳይ ግድግዳ ላይ አንድ ቤዝ ተሰቅሏል። ከክሩ ሥር ጣቴ ያልፋል። «ይህ እጅ ያሳምማል፣ ማንም አይነካውም» አሉኝ ልጆቹ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብሩጎላዬን ይዤ እዚያ ነኝ፤ መማር የሚፈልግ ይምጣ። ሩብ ዙር አዙረን እናሳድረዋለን፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ እናየዋለን።