የሳይቤሪያ ቀይ እርሳስ
(ክሮኮይት ስለሚባለው ማዕድን በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



«ቀይ እርሳስ» ቢባል ከመካከላችን ብዙው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው፣ በየጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስሕተት የሚታረምበትን መጻፊያ ነው። ዳሩ ግን በመጻፊያው እርሳስ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ከቶ የለበትም። ጥቁሩ መጻፊያ የሚሠራው ግራፋይት ከሚባል የካርቦን ዓይነት ነው፤ ቀድሞ የአውሮፓ ሰዎች በመልኩ ተታለው የእርሳስ ወገን አድርገው ይቈጥሩት ነበር። መልክ አይቶ ስም ማውጣት እንዲህ ያሳስታል። ዛሬ የምነግራችሁ ደግሞ በእውነት እርሳስ ስላለበት፣ መልኩም በእውነት ቀይ ስለ ሆነ፣ ነገር ግን ምንነቱ ሊቃውንትን ሠላሳ ዓመት ያህል ስላሳሳተ ድንጋይ ነው። ስሙ ክሮኮይት ይባላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሩሲያ አገር፣ በኡራል ተራሮች፣ ከየካተሪንበርግ ከተማ አጠገብ በሬዞቭስክ የሚባል የወርቅ ማዕድን ሥፍራ አለ። ወርቅ ፈላጊዎች ዐለቱን ሲቈፍሩ፣ በስንጥቁ ውስጥ እንደ ፍም የሚያበሩ ቀያይ ዘንጎች አገኙ። በ1766 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ጀርመናዊው ዮሐን ሌማን ስለዚህ ድንጋይ ጽፎ አስታወቀ። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባሟሟው ጊዜ ውሃው እንደ መረግድ አረንጓዴ መሆኑን አየ፤ እርሳስም እንዳለበት ተረዳ። ነገር ግን ያ አረንጓዴ መልክ ከምን እንደ መጣ ሊያውቅ አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ «የሳይቤሪያ ቀይ እርሳስ» እየተባለ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተወሰደ፤ ውበቱና ብርቅነቱም ዋጋውን አስወደደው። በ1789 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ኒኮላ ሉዊ ቮክለን ማካር ከሚባል ባልደረባው ጋር መርምሮ፣ በውስጡ ያለው እርሳስ፣ ተራ ብረትና አሉሚና ነው ሲል ውጤቱን ገለጠ። ነገሩ በዚህ ሊዘጋ ይችል ነበር። ሌሎች መርማሪዎች ግን ከዚህ የተለየ ነገር አገኘን አሉ።

እዚህ ላይ፣ አድማጮቼ ሆይ፣ የቮክለንን ሁለተኛ ሥራ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ይህ ሰው «አንድ ጊዜ ፈርሜበታለሁ» ብሎ የቀድሞ ቃሉን ለመጠበቅ አልተከራከረም። በ1797 ዓ.ም. ያንኑ ድንጋይ እንደ ገና አንሥቶ ፈጨው፤ ከፖታሲየም ካርቦኔት ጋርም አፈላው። እርሳሱ ነጭ ዱቄት ሆኖ ሲዘቅጥ፣ ከላይ የቀረው ውሃ ቢጫ ሆነ። በዚያ ውሃ ላይ የባዝቃ ጨው ቢጨምርበት ቀይ ዝቃጭ ወጣው፤ የእርሳስ ጨው ቢጨምርበት ደግሞ ያማረ ቢጫ ሆነ። ከታወቁት ብረታ ብረቶች አንዱም እንዲህ ያለ ጠባይ አልነበረውም። ቮክለንም አዲስ ንጥረ ነገር ማግኘቱን ተረዳ፤ ጥቂት ቈይቶም ብረቱን ለይቶ አወጣው። ልዩ ልዩ መልክ ስለሚሰጥ «ክሮም» ተባለ፤ ይህም በግሪክ ቋንቋ «ቀለም» ማለት ነው። መረግድንም አረንጓዴ የሚያደርገው ይኸው ክሮም መሆኑን ያሳየ እርሱ ቮክለን ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ ባሕርይ እንመለስ። ክሮኮይት ከመቶ እጅ 64ቱ እርሳስ፣ 16ቱ ክሮም፣ የቀረው 20 እጅ ያህል ኦክሲጅን ነው። ውጭው እንደ በርበሬ ቢቀላም፣ ባልተለበጠ ነጭ ሸክላ ላይ ሲፈገፍጉት የሚተወው መስመር ወደ እርድ መልክ የተጠጋ ብርቱካንማ ቢጫ ነው። ስሙም ዛፍራን ከሚባለው ቅመም የግሪክ ስም የተወሰደ ነው። ሲመዝኑት ከራሱ መጠን ውሃ ስድስት ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ተራ ነጭ ባልጩት ግን ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። ጥንካሬው ከዐሥር ደረጃ ከሁለት ተኩልና ከሦስት ስለማያልፍ፣ ቢላዋ በቀላሉ ይጭረዋል። ለብዙ ጊዜ ብርሃን ሲያገኘውም ድምቀቱ ይቀንሳል።

ወገኑስ ከየትኛው ነው? ጸሐፊ መዝገቦቹን በሽፋናቸው ቀለም እንደማይደረድር ሁሉ፣ የማዕድን ሊቅም ድንጋዮችን በመልካቸው አይመድብም። ባላቸው ብረትም ብቻ አይመድብም፤ ከብረቱ ጋር በተጣመረው ክፍል እንጂ። ስለዚህ የጥንት ግብፃውያን ለዐይን ኩል ይፈጩት የነበረው ጋሌና እርሳስ ቢኖርበትም፣ ከድኝ ጋር ስለ ተጣመረ ከሰልፋይዶች ይመደባል። ሴሩሳይት ከካርቦኔቶች ይገባል። ክሮኮይት ግን ክሮሜት ነው፤ ጀርመናዊው ሁጎ ሽትሩንትስ በ1941 ዓ.ም. መሠረቱን በጣለውና በኋላም በታደሰው አመዳደብ፣ ከሰልፌቶችና ከሞሊብዴቶች ጋር በሰባተኛው ክፍል ይገኛል። በዚያው ክፍል ያለው ዉልፌናይት በመልኩ ክሮኮይትን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የዉልፌናይት ክሪስታል ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ያለው ስስ ገበታ ሲሆን፣ የክሮኮይት ግን ረዥም ዘንግ ነው።

ክሮኮይት ብርቅ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። እርሳስና ክሮም በተፈጥሮ የሚገኙት በተለያየ ዐይነት ዐለት ውስጥ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት የእርሳስ ማዕድን ክሮም ካለበት ዐለት አጠገብ ሆኖ፣ አየርና ውሃ ሁለቱንም ሲያፈርሳቸው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥፍራ ጥቂት ነው፤ ዛሬ በውበቱ የታወቀው ክሮኮይት የሚወጣው በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያ ደሴት፣ ዳንዳስ ከሚባል ቦታ ነው። ታዝማኒያም በ2000 ዓ.ም. የማዕድን አርማዋ አድርጋዋለች።

ድንጋዩ ብርቅ ቢሆንም፣ በፋብሪካ የተሠራው ያው ውሕድ «የክሮም ቢጫ» ተብሎ ዓለምን ሞላ። ሠዓሊው ቫን ጎግ የሱፍ አበባዎቹን የሣለው በዚህ ቀለም ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ በሥዕሎቹ ላይ አንዳንዱ ቢጫ በብርሃን ምክንያት ክሮሙ ተለውጦ እንደሚጠቁር አስረድቷል። ከዚህ የሚብሰው ግን እርሳሱ መርዝ መሆኑ ነው። ከግድግዳና ከመስኮት የሚረግፈው የቀለም ብናኝ ወደ ሕፃናት አፍ ሲገባ አእምሮአቸውን ይጐዳል፤ የማይጐዳ ነው የተባለ መጠንም የለም። ስለዚህ ብዙ መንግሥታት በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ በሕግ ወስነዋል፤ ኢትዮጵያም በ2018 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ አዝዛለች። እንግዲህ ቤቱን የሚያስቀባ ሰው የቀለሙን ድምቀት ብቻ አይቶ ከመግዛት ይልቅ፣ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ ሻጩንም ይጠይቅ። አሮጌ ቀለም የሚያስፍቅም በደረቁ አያስፍቅ፤ ልጆቹንም ከአቧራው ያርቅ።

ከዚህ ድንጋይ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ያማረ ሁሉ የማይጐዳ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው በገዛ ፊርማው ያጸደቀውን ነገር ከስምንት ዓመት በኋላ ዳግመኛ በመመርመሩ ለዓለም አዲስ ንጥረ ነገር ማስገኘቱ ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ተዘግተው ከተቀመጡት መዝገቦች መካከልም፣ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ምርመራ የሚጠብቅ አይጠፋም።