የመሸበት እንግዳ



ብቻውን መኪና እየነዳ ከሰመራ ተነስቶ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው በአንድ መንገድ ሁለት ዓለም ያያል። ታች የአፋር በረሃ፣ ላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የወሎ ደጋ። ዕለቱ ሰኞ ከሆነ፣ ቆለኛውና ደገኛው ባቲ ገበያ ላይ ሲገናኙ ይደርሳል።

በአፋር መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ዳጉ የሚባለውን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ አገሩ ሰላም ነው? በበረሃ ወሬ እንደ ውኃ ነው፤ የያዘ ሰው ለተጠማ ሳያካፍል አያልፍም። እንግዳው ከሰሌን ጎጆ ጥላ ሥር አረፍ ሲል የግመል ወተት ይቀርብለታል።

ደጋ ላይ ደግሞ፣ መንገደኛው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ይሉታል። እግሩ ይታጠባል፤ መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል።

እኛ ከተሜዎች አንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን የጎረቤታችንን ደኅንነት ሳንጠይቅ ስንት ቀን አለፈ? እስቲ ዛሬ አንድ ደጅ እናንኳኳ። ብቻውን መንገድ የጀመረ ሰው ብቻውን የማያድርበት አገር፣ በእያንዳንዳችን ደጅ ይጀምራል።