ሳውና እና ኩራት

ፊንላንዳውያን ጉራ አይወዱም ይባላል፤ የእንፋሎት መታጠቢያቸው፣ ሳውና፣ ከተነሳ ግን ወሬው አያልቅም። 5.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባለበት አገር ወደ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሳውና አለ። ዩኔስኮም በ2020 እ.ኤ.አ. ባህሉን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦላቸዋል። ሳውናው ውስጥ ብዙ ነገር የለም፤ የእንጨት መደብ፣ የጋለ ድንጋይ፣ የውሃ ባልዲ። ድንጋዩ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ቸለስ ሲያደርጉበት ጆሮ የሚለበልብ እንፋሎት ይነሳል። በበጋ ገላቸውን በለምለም ቅጠል እስር ቸብ ቸብ ያደርጉና ሐይቅ ውስጥ ዘለው ይገባሉ፤ በክረምት ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ በረዶውን ቀደው! ድሮ እናቶች የሚወልዱትም እዚያው ነበር። እኔን የሚያስቀናኝ ግን አለቃውና ሠራተኛው ራቁታቸውን አንድ መደብ ላይ መቀመጣቸው ነው፤ ማዕረግ ከልብስ ጋር ውጭ ይሰቀላል። የፓርላማቸው ሕንፃ እንኳ የራሱ ሳውና አለው።